ፒ53 ታሟል፣ ታስሯል ወይስ ተገድሏል? ዕጢ ገቺ ፕሮቲኖችና የካንሰር ሕክምና (ውይይት ከጅማ)

የጅማው_መምህር (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ ለጅማ ልጆች።

እዚህ ስለ ካንሰር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ኬሞ፣ ስለ ጨረር፣ ስለ ወረፋና ስለ ገንዘብ ነው። ይገባኛል፣ የሚያሳስበውም እሱ ነው። ዛሬ ግን ወደ ሴሉ ውስጥ ልውሰዳችሁ። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የሚፈልቁት ከዚያ ነው። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው በሽተኛ እንደሚሆንም የሚታወቀው እዚያ ነው።

ሴሎቻችን ውስጥ «ተባዛ» የሚሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ «ቁም» የሚሉም አሉ። ቁም ባዮቹ ዕጢ ገቺ ፕሮቲኖች ይባላሉ። ከሁሉም ስሙ የገነነው ፒ53 ነው። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የሚገርመው ለአሥር ዓመት ያህል ካንሰር አምጪ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ለካስ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራበት የነበረው ጂን ራሱ የተበላሸ ኖሯል! በ1989 ጤነኛው ፒ53 ዕጢን እንደሚገታ ታወቀ። በ1992 ደግሞ እንግሊዛዊው ዴቪድ ሌን «የጂኖም ዘበኛ» አለው፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

ዘበኛው ምን ይሠራል? ዲኤንኤ ሲጎዳ ይነቃል። ጉዳቱ ከፀሐይ ይምጣ ከሲጋራ ለእሱ ለውጥ የለውም። ጉዳቱ የሚጠገን ከሆነ ፒ21 የሚባል ፕሮቲን እንዲመረት ያደርግና ሴሉን ባለበት ያስቆመዋል። የማይጠገን ከሆነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በዚህ ምክንያት በየቀኑ ካንሰር ሊሆኑ የሚችሉ ሴሎች እኛ ሳናውቅ ይጠፋሉ።

ሰላም ሲሆን ግን ፒ53 እንዲበዛ አይፈለግም፤ ጤነኛውንም ሴል ይገድላልና። ስለዚህ ኤምዲኤም2 የሚባል ፕሮቲን እየያዘ ለመፍረስ ያስረክበዋል። ኤምዲኤም2ን እንዲመረት የሚያደርገው ደግሞ ራሱ ፒ53 ነው። ሲበዛ የሚቀንሰውን ራሱ ይጠራል ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ትመጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካንሰር ውስጥ ፒ53 ከሥራ ውጭ የሚሆነው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም።

አንዳንዴ ዘበኛው ራሱ ይታመማል። ጂኑ ላይ ሚውቴሽን (የጂን ጽሑፍ ለውጥ) ይመጣና ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል፣ ወይ ከናካቴው አይሠራም። ከካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ይህ ይታያል። አንዳንዴ ደግሞ ዘበኛው ጤነኛ ነው፤ ኤምዲኤም2 ከልክ በላይ በዝቶ አስሮታል። ሦስተኛው መንገድ ለእኛ አገር በጣም ቅርብ ነው። ጂኑም ጤነኛ፣ ኤምዲኤም2ም ልኩ ሆኖ ሳለ ቫይረስ ገብቶ ዘበኛውን ይገድለዋል። የማህፀን በር ካንሰር እንዲህ ነው።

የሦስቱም በሽተኞች ወረቀት ላይ «ፒ53 አይሠራም» ብንጽፍ ውሸት አይሆንም። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። ለታሰረው የሚያስፈታ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ኑትሊን የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ወጡ፤ ፒ53ን ከኤምዲኤም2 እጅ ያስለቅቃሉ። ፒ53ው የታመመ ከሆነ ግን ብታስፈታው ምን ይሠራልሃል? ምንም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። «ካንሰሩ የት አካል ላይ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «የትኛው ገቺ ፕሮቲን ነው የወደቀው? እንዴት ወደቀ?» የሚለው አብሮ መጠየቅ አለበት። እስኪ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

*

የማታ_ተማሪ

መምህር እጅግ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ አለኝ። ፒ53 ከተበላሸ ለምን ጤነኛ ፒ53 አይሰጡንም? ኢንሱሊን ለስኳር በሽተኛ እንደሚሰጠው ማለቴ ነው።

*

የጅማው_መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተሞክሯልም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2003 ጄንዲሲን የሚባል መድኃኒት አጽድቃለች። ጉዳት እንዳያደርስ በተዳከመ አዴኖቫይረስ ውስጥ ጤነኛ የፒ53 ጂን ከተው በራስና አንገት ዕጢ ላይ በመርፌ ይሰጣሉ። በዓለም የመጀመሪያው ለገበያ የጸደቀ የካንሰር ጂን ሕክምና ነው።

ችግሩ ምን መሰለህ? ኢንሱሊን ደም ውስጥ ሆኖ ይሠራል። ፒ53 ግን ሥራው ሴሉ ውስጥ፣ ዲኤንኤው ባለበት ኒውክለስ ውስጥ ነው። ዕጢው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሴል ማግኘት አለብህ። ያላገኘኸው ሴል ይባዛል። ሳንባና ጉበት ላይ ለተበታተነ ካንሰር ደግሞ መርፌውን የት ትወጋለህ?

ሌላም አለ። መድኃኒት ሠሪዎች የለመዱት የበዛን ነገር መዝጋት ነው። የጠፋን ወይም የተጣመመን ነገር መመለስ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ፒ53 ለረጅም ዘመን «መድኃኒት የማይገኝለት» ሲባል የኖረው።

ሰዎች ግን ተስፋ አልቆረጡም። አንዱን ምሳሌ በደንብ ልንገርህ፣ እኔን በጣም ስለሚያስደስተኝ። ፒ53 393 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ያሉት ሰንሰለት ነው። 220ኛው ላይ ታይሮሲን መሆን ሲገባው ሲስቲን የሚሆንበት ሚውቴሽን አለ። ታይሮሲን ትልቅ ናት፣ ሲስቲን ትንሽ። ትልቋ ስትወጣ ፕሮቲኑ ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል። በዚያች ክፍተት ምክንያት ፕሮቲኑ በሰውነት ሙቀት መቆም ያቅተውና ይፈታል። ተመራማሪዎች ታዲያ ክፍተቷን ራሷን መድኃኒት መግቢያ አደረጓት! ልክ እዚያ ገብቶ ፕሮቲኑን የሚደግፍ ሞለኪውል ሠሩ። ሬዛታፖፕት ይባላል፣ በሰው ላይ እየተሞከረ ነው። ይህ ሚውቴሽን ያለባቸው ከጠጣር ካንሰሮች (የደም ካንሰር ካልሆኑት) 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ትንሽ ይመስላል። በዓለም ደረጃ ስታሰላው ግን ብዙ ሕዝብ ነው።

ያልተሳካም አለ። ኤፕሬኔታፖፕት የሚባለው ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በሦስተኛው ዙር ሙከራ የተፈለገውን ውጤት አላመጣም። ይህንን የምነግርህ በየማኅበራዊ ሚዲያው «የካንሰር ፍቱን ተገኘ» የሚል ስታይ እንዳትቸኩል ነው።

*

የሕርማታ_ልጅ

ዝሆን ካንሰር አይዘውም የሚባለው እውነት ነው? ከዚህ ጋር ይያያዛል ሲሉ ሰምቻለሁ።

*

የጅማው_መምህር

«አይዘውም» ማለት ይከብዳል፣ በአካሉ ግዝፈት ልክ ግን በጣም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ሰው አንድ የፒ53 ጂን ሲኖረው (ከእናትና ከአባት ሁለት ቅጂ ማለት ነው) ዝሆን 20 አለው። የዝሆን ሴል ዲኤንኤው ሲጎዳ ከእኛ ሴል ይልቅ ቶሎ ራሱን ያጠፋል። እኛው አጠገብ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ያሉት ዝሆኖች ይህን ሁሉ ዘበኛ ተሸክመው ነው የሚሄዱት። መምህር ነኝና ተማሪዎቼን እዚያ ወስጄ ስለ ፒ53 ባስተምር ደስ ይለኝ ነበር።

*

ሲስተር_ጤና_ጣቢያ

መምህር፣ የማህፀን በር ካንሰርን ስላነሱ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ከጅማ ወጣ ባለ ወረዳ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ምርመራውን በየሳምንቱ እሠራለሁ። ቫይረሱ ፒ53ን «ይገድላል» ያሉትን ትንሽ ቢያብራሩልን? እናቶች «ካንሰር እንዴት ከቫይረስ ይመጣል?» ብለው ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ ልስጣቸው ብዬ ነው።

*

የጅማው_መምህር

ሲስተር፣ በደስታ።

ቫይረሱ ኤችፒቪ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ገደማውን የሚያመጡት 16 እና 18 የሚባሉት ናቸው። ግንኙነቱን ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሟል።

ቫይረሱ የሚፈልገው መባዛት ነው። ለመባዛት ሴሉ ሥራ ላይ መሆን አለበት። ሴሉን ሥራ የሚያስቆሙት ዋነኞቹ ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ፒ53 እና አርቢ የሚባል ሌላ ዕጢ ገቺ ፕሮቲን። ስለዚህ ቫይረሱ ሁለት ፕሮቲኖች ይዞ ይመጣል። ኢ6 ፒ53ን ይይዝና የሴሉን የራሱን የማፍረሻ ሥርዓት ተጠቅሞ ያስፈርሰዋል። ኢ7 ደግሞ አርቢን ይይዘዋል። ሁለቱም ዘበኞች ሲወገዱ ሴሉ ያለ ከልካይ ይባዛል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይወስዳል። እናንተ በምርመራ የምትደርሱት በዚያ መሐል ነው።

አሁን ልቤን የሚነካው ነገር ይመጣል። በዚህ ካንሰር ውስጥ የፒ53 ጂን በአብዛኛው ጤነኛ ነው። ሴሉ ፒ53ን አሁንም ያመርታል፤ ኢ6 ቶሎ ቶሎ ያስፈርሰዋል እንጂ። ታዲያ ኢ6ን ብናስቆመውስ?

ይህ በሂላ ሴሎች ላይ ተሞክሯል። ሂላ የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ1951 ከሄንሪታ ላክስ የማህፀን በር ካንሰር፣ ፈቃዷ ሳይጠየቅ፣ የተወሰዱና እስከ ዛሬ በየላብራቶሪው የሚባዙ ሴሎች ናቸው። በውስጣቸው ኤችፒቪ 18 አለ። ተመራማሪዎች የቫይረሱን ኢ6 እና ኢ7 ሲያጠፉባቸው ፒ53 እና አርቢ ተመልሰው ተነሱ። ለአሥርት ዓመታት ያለ ማቋረጥ ሲባዙ የኖሩ ሴሎች ቆሙ። ሥርዓቱ አልፈረሰም ነበር፤ ታፍኖ ነው የኖረው።

እዚህ ላይ ነው አዲስ ሕክምና የሚፈለገው። ኢ6 እና ኢ7 ጤነኛ የሰው ሴል ውስጥ የሉም። እነሱን ብቻ የሚመታ ነገር ከተገኘ ጤነኛውን ሴል አይነካም ማለት ነው። የሰውነት መከላከያ ኢ6ን እና ኢ7ን አይቶ እንዲያጠቃ የሚያሰለጥኑ የሕክምና ክትባቶች፣ የቫይረሱን ጂን የሚቆርጡ መሣሪያዎች እየተሞከሩ ነው።

*

ሲስተር_ጤና_ጣቢያ

ኡፍ፣ አሁን ገባኝ። ለእናቶችም በኦሮምኛም በአማርኛም እንዲህ ነው የምነግራቸው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ ምርመራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ብዙ ሴት ፈርታ ትቀራለችና። ከኮምጣጤ ጋር አንድ የሆነ አሲድ፣ በጣም ቀጭን ተደርጎ፣ በጥጥ የማህፀን በር ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን። ጤነኛው ቦታ ሮዝ ቀለሙን እንደያዘ ይቆያል። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዳሩም ለይቶ ይታያል። ቦታው ለሕክምናው የሚሆን ከሆነ እዚያው በቅዝቃዜ ወይ በሙቀት እናክመዋለን። ሴትየዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በቢላ መቀደድ የለ፣ አልጋ መያዝ የለ።

ዕድሜያችሁ 30 ከደረሰ ኑ። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት እህት 25 ላይ ትጀምር። ምንም ሕመም እስኪሰማችሁ አትጠብቁ። ከወር አበባ ውጭ ደም ካያችሁ ወይ ከግንኙነት በኋላ ከደማችሁ ደግሞ ዕድሜም ቀጠሮም አትጠብቁ።

*

ግልጽ_ሰው

ይቅርታ አድርጉልኝና አንድ ነገር ልበል። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ግን እኛ እኮ ያለብን ችግር ሌላ ነው። እናቴን ሳሳክም አንድ የኬሞ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስንከራተት ነበር። ያገኘነውም በስንት ልመና ነው። ሰው ተራ መድኃኒት አጥቶ እየሞተ ስለ 220ኛው አሚኖ አሲድ ማውራት ለማን ነው? ለሀብታም አገር ነው። በእኛ ቁስል ላይ እንጨት አትስደዱብን።

*

ፓቶሎጂ_ሬዚደንት

ወንድሜ፣ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ያልከው ሁሉ እውነት ነው። መድኃኒት ማጣት የሰውን ወገብ ይሰብራል፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን ሁለቱን ነገሮች አትለያያቸው፤ ለምን እንደምል ልንገርህ።

አንደኛ፣ እኛ ያለን ሕክምናም የሚሠራው በእነዚሁ ፕሮቲኖች መንገድ ነው። ጨረር ምን ያደርጋል? ዲኤንኤን ይሰብራል። ሲስፕላቲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒትም እንዲሁ ዲኤንኤን ነው የሚጎዳው። ከዚያ በኋላ ሴሉ ይሙት አይሙት በሚለው ላይ ፒ53 ትልቅ ድርሻ አለው። ድሮ ጨረር ፈልጎ ጥቁር አንበሳ ያልሄደ አልነበረም፤ ዛሬ ጅማም አለ። ለማህፀን በር ካንሰር ከጨረር ጋር በየሳምንቱ ሲስፕላቲን መስጠት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የተለመደ ነው። ይህ ለሀብታም አገር የመጣ ወሬ አይደለም፤ እዚሁ የምንሰጠው ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ነው ምርመራ በጣም የሚያስፈልገው። ያለችውን ጥሪት ሸጦ የማይሠራለትን መድኃኒት እንዳይገዛ።

አሁን ስለ ራሴ ሥራ ላውራ። መምህር ሁሉንም ከላይ ነገሩን፣ እኔ ከማይክሮስኮፑ ስር ያለውን ልጨምር።

ፒ53ን በቀለም እናየዋለን። ፕሮቲኑ ያለበት ኒውክለስ ቡናማ ይሆናል። ብዙ ሰው «ብዙ ቡናማ ካለ ብዙ ዘበኛ አለ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ያስባል። ተቃራኒው ነው! ጤነኛ ሕዋስ ላይ እዚህም እዚያም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው የምታየው፣ ምክንያቱም ፒ53 ወዲያው ወዲያው ይፈርሳል። መስኩ ሁሉ ጥቁር ቡናማ ሆኖ ካየህ ፕሮቲኑ ተበላሽቷል ማለት ነው። ለምን? መምህር «ያዙልኝ» ያሉትን አስታውሱ። የተበላሸ ፒ53 ኤምዲኤም2ን መጥራት አይችልም። ስለዚህ የሚያፈርሰው የለም፣ ይከማቻል። አንዳንዴ ደግሞ አንዲት ቡናማ ነጥብ የሌለበት፣ ፍጹም ባዶ ታያለህ። እሱም ክፉ ነው፤ ጂኑ ጭራሽ ፕሮቲን አላወጣም።

ፒ16 የሚባለውም እንዲሁ ነው። ፒ16 ራሱ ዕጢ ገቺ ነው፤ በአርቢ በኩል ይሠራል። ኢ7 አርቢን ሲያስወግደው ሴሉ «ቁም» ሊል ይሞክርና ፒ16ን ያበዛል፤ የሚሰማው ግን የለም። ስለዚህ የማህፀን በር ናሙና ላይ ፒ16 ከታች እስከ ላይ ወጥ ሆኖ ሲቀባ ካየን፣ ኤችፒቪ ሥራውን እንደሠራ እናውቃለን። የቫይረሱን አሻራ ነው የምናየው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ናሙናው በደህና ሲደርሰን ነው። እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው የምንወድቀው። ዕጢ ተቆርጦ እንደወጣ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ፈሳሹ ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። ዕቃው አፉ ሰፊ ይሁን። ለጡት ናሙና ፎርማሊን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይብለጥ። እኔ ጋ የሚመጣው ግን አንዳንዴ በጨው ውሃ ነው፣ አንዳንዴ ባዶ ጓንት ውስጥ ተቋጥሮ ነው። አንዳንዱ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ በግድ ተጠቅጥቆ ይመጣና ለማውጣት ጠርሙሱን እንሰብራለን። ሥጋው መሐሉ በስብሷል። እንዲህ ያለ ናሙና ላይ ቀለም ብትቀባ የሆርሞን ተቀባዩም (ዕጢው በሆርሞን መመራቱን የሚያሳየው ፕሮቲን)፣ ፒ53ውም የውሸት ባዶ ሊያሳይህ ይችላል። ያቺ ሴት ሊጠቅማት የሚችል መድኃኒት በዚያ ምክንያት ቀረባት ማለት ነው።

ግልጽ ሰው፣ ፎርማሊን ውድ አይደለም። አዲሱ የካንሰር ሕክምና ለእኛ የሚጀምረው ከዚያ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

*

ግልጽ_ሰው

ዶክተር እግዜር ይስጥህ። የጨው ውሃውን ነገር አላውቅም ነበር። የእናቴ ናሙና ሁለት ጊዜ ነው የተወሰደው፤ «የመጀመሪያው አልሆነም» ብለውን ነበር። ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገረንም።

*

ከአጋሮ_ቡና

ሰላም ናችሁ ወይ። እኔ ሳይንሱን ብዙም አላውቅም፣ ገበሬ ነኝ። እህቴ የጡት ካንሰር ይዟት ጅማ እየታከመች ነው። ውጭ አገር ያለው የአክስታችን ልጅ «ፓልቦሲክሊብ የሚባል አዲስ መድኃኒት አለ፣ በሰው እልካለሁ» አለን። ይህ እናንተ ከምታወሩት ጋር ይገናኛል? ትዋጠው?

*

ፓቶሎጂ_ሬዚደንት

ወንድሜ፣ አላህ ያሽርልህ። በደንብ ይገናኛል። ሐኪሟ ሳያዝላት ግን አትዋጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርቢ የሴሉን መባዛት ይዞ ያቆማል። ሲዲኬ4 እና ሲዲኬ6 የሚባሉ ኢንዛይሞች አርቢን ሥራ ሲያስፈቱት ሴሉ ይባዛል። ፓልቦሲክሊብ እነዚህን ኢንዛይሞች ይዘጋቸዋል፤ ያኔ አርቢ ቦታው ላይ ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ቀጥሎ ሪቦሲክሊብ እና አቤማሲክሊብ በ2017 መጡ። ብዙ ሴቶችን ጠቅመዋል፤ ይህ በደንብ የተረጋገጠ ነው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በል። መድኃኒቱ የሚሰጠው ሆርሞን ተቀባዩ ላለበት፣ ኸርቱ የሚባለው ፕሮቲን ላልበዛበት የጡት ካንሰር ነው፣ ከሆርሞን መድኃኒት ጋር። በተጨማሪ አርቢው ዕጢው ውስጥ መኖር አለበት። አርቢ ከሌለ መድኃኒቱ የሚጠብቀው ነገር የለም። ነጭ የደም ሴልንም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ደም መመርመር ግድ ነው። በሻንጣ መጥቶ ያለ ክትትል የሚዋጥ ነገር አይደለም።

*

ከአጋሮ_ቡና

ገባኝ። እናታችንም በጡት ካንሰር ነው የሞተችው። ይህ ለውጥ አለው?

*

የጅማው_መምህር

አለው፤ ለሐኪሟ ይነገር። ብራካ1 እና ብራካ2 የሚባሉ ጂኖች አሉ። የእነሱ ፕሮቲኖች የተሰበረ ዲኤንኤን ይጠግናሉ። ከወላጅ የተበላሸ ቅጂ የወረሰች ሴት ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር የበለጠ ትጋለጣለች። ወንዶችም ይወርሱታል፣ ያስተላልፉታልም። ዘመድ በካንሰር መሞቱ ብቻውን ግን ውርስ ነው አያሰኝም፤ የሚለየው በምርመራ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድ ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ነው። ብራካ የሌለው የካንሰር ሴል ጥገናው ስለተበላሸ ፓርፕ በሚባል ሌላ ጠጋኝ ላይ ይንጠለጠላል። ጤነኛው ሴል ግን ብራካ ስላለው ያለ ፓርፕም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት የምርምር ቡድኖች ፓርፕን ሲዘጉት ብራካ የሌላቸው ሴሎች ሞቱ፣ ሌሎቹ ተረፉ። ከዚያ ኦላፓሪብ በ2014 ለእንቁልጢ ካንሰር ጸደቀ። አያችሁ፣ ብራካን አልመለሱትም። መጥፋቱን ራሱን ተጠቀሙበት። ገቺ ፕሮቲን ሲጠፋ ዕጢው ብዙ ጊዜ አንድ ድክመት ይዞ ይቀራል፤ የሚፈለገው ያንን ድክመት ማግኘት ነው። ቪኤችኤል በሚባለው ገቺ ፕሮቲንም እንዲሁ ሆኗል። እሱ ሲጠፋ የሚበዛውን ፕሮቲን የሚዘጋው ቤልዙቲፋን በ2021 ጸድቋል።

ገበሬ ነኝ ስላልክ አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እባክህ ለጎረቤትም ንገርልኝ። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ይህ መርዝ ጉበት ውስጥ የፒ53ን ጂን 249ኛ ቦታ ላይ መርጦ የመምታት ባሕርይ አለው። እዚያ ላይ ሚውቴሽን ስታይ የመጣው ከሻገተ እህል እንደሆነ ትጠረጥራለህ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። በእኛ አገር ዝናብ በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ መግባቱ የተለመደ ነው። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች እስኪሆን ይድረቅ። የሻገተው ተለቅሞ ይጣል። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። ለላም መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ በወተት ይመለሳል።

*

ዓይን_ክፍል

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ልሂድ። የዕጢ ገቺ ሐሳብ የተወለደው ከሕፃናት ዓይን ነው። አልፍሬድ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የ48 ሕፃናትን የዓይን ካንሰር አጥንቶ «ሁለቱም ቅጂ መመታት አለበት» አለ። ጂኑ ራሱ በ1986 ተገኘ፤ አሁን የምታወሩበት አርቢ እሱ ነው። ወላጆች፣ በፎቶ ላይ የልጃችሁ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ካበራ ወይም ዓይኑ ከተንሸዋረረ ዛሬውኑ አምጡት። በጊዜ ከመጣ ሕይወቱ ይተርፋል፤ ብዙ ጊዜ ዓይኑም ጭምር።

*

የማታ_ተማሪ

ሲስተር፣ ትንሿ እህቴ 13 ዓመቷ ነው። የኤችፒቪ ክትባት ትምህርት ቤት ሲመጣ እናቴ «መካን ያደርጋል» ብላ ከለከለቻት። ምን ልበላት?

*

ሲስተር_ጤና_ጣቢያ

የኔ ወንድም፣ እናትህን አትጣላ። ይህን ወሬ የሰማችው ብቻዋን አይደለችም። ክትባቱ አገራችን የገባው በ2011 ዓ.ም ነው፤ መጀመሪያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። በውስጡ ቫይረሱ የለም፣ የቫይረሱ የላይ ቅርፊት ብቻ ነው። ኢ6 እና ኢ7 ጭራሽ የሉበትም፤ ስለዚህ ቫይረሱን ሊያስይዛት አይችልም። መካንም አያደርግም። እንዲያውም የማህፀን በር ካንሰር ሕክምና ነው ማህፀን የሚያሳጣው፤ ክትባቱ ከዚያ ነው የሚጠብቃት። ከቫይረሱ ጋር ሳትገናኝ በፊት መከተብ አለባት። ከተያዙ በኋላ ያለውን አያጠፋውም። እናትህ ከፈለገች ይዘሃት ና፣ ቡና እየጠጣን እኔው አጫውታታለሁ።

*

ከአጋሮ_ቡና

ሐሙስ ከእህቴ ጋር ጅማ ቀጠሮ አለን። ሐኪሟን ምን ልጠይቃት? ወረቀቷን ፎቶ አንስቼ እዚህ ልለጥፈው?

*

ፓቶሎጂ_ሬዚደንት

አትለጥፈው፤ ስሟም ካርድ ቁጥሯም አለበት። ወረቀቱን ይዘህ ግባና እነዚህን ጠይቅ። የሆርሞን ተቀባይና የኸርቱ ውጤት አለ ወይ? ከሌለ የናሙናው ብሎክ የት ነው ያለው? ብሎክ ማለት ሥጋው በሰም የተቀበረበት ትንሽ ፕላስቲክ ነው። ለብዙ ዓመት ይቀመጣል፣ አዲስ መቁረጥ ሳያስፈልግ ከእሱ ላይ ምርመራው ይሠራል። እናታችሁ በስንት ዓመቷ እንደታመመችም ንገራት። የአክስትህ ልጅ ስላለው መድኃኒትም ሳትደብቅ ንገራት፣ አትቆጣህም። ብሎኩ ሌላ ከተማ ከሆነ ያለው፣ ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ደብዳቤ አጽፈህ አስመጣው። ካልተሳካልህ እዚሁ በውስጥ መልእክት ጻፍልኝ፤ ማንን ማነጋገር እንዳለብህ አሳይሃለሁ።